ቮልሷ ለሠርግ ትፈለጋለች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ያቆመ ሰው አሥራ አንዱን ወር ጥፋተኛ ሆኖ ይኖራል። የብሎኩ ኮሚቴ «ይቺ ብረት ቦታ ያዘች» ይለዋል። ጥበቃው ዘይት አንጠባጠበች ብሎ ይከሳል። ልጆች ሥሯ የገባ ኳስ ባወጡ ቁጥር ፓራፋንጎዋን ይረግጣሉ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ግን ነገሩ ይገለበጥና የሩቅ ዘመድ ይደውላል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ውድነት ጠይቆ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ያቺ ቮልስ አለች አይደል?» ይላል። አለች ከተባለ የሠርጉ ቀን ይነገራል፤ ቀኑ መቼም ከሁለት ሳምንት አይርቅም። «ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ሰም ነካ ነካ ብታደርጋት ይበቃታል።»

ጥያቄው ዝም ብሎ አልመጣም። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ሙሽራ በነጭ የኤሌክትሪክ መኪና መሄድ ይዟል፤ አሥሩ ተከታትለው ሲመጡ ሙሽራዋ የትኛው ውስጥ እንዳለች ካሜራማኑም ይጠፋዋል። ቮልስ ግን ሳትታይ ትሰማለች። በዓለም ላይ 21,529,464 ያህል ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ምትክ የላትም። ዘመድ ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። እሱ የሚፈልገው ቪዲዮው ላይ እንድታበራ ነው።

«ነካ ነካ» ከመባሉ በፊት ግን ምን እንደሚነካ መታወቅ አለበት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጠብታ ፖሊሽ አድርጎ ዓይን ከማይበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከሞተሩ ክዳን ታችኛው ጠርዝ፣ ማሸት ነው። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ይዞ ከመጣ ቀለሙ ነጠላ ነው፤ ላዩ ላይ ክሊር የሚሉት ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን የለበትም። የድሮ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እንዲያ ነው። ጨርቁ ምንም ቀለም ካልያዘ ክሊር ተቀብታለች፤ በመሐል ጋራዥ ገብታለች ማለት ነው፣ የሸጠው ሰውዬ «ኦርጂናል ናት» ብሎ የማለው መሐላ እዚያው ያበቃል።

የፋብሪካ ቀለም፣ ከሥሩ ከሚቀባው ፕራይመር ጋር፣ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት ብቻውን 100 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ሰፈሩ ሁሉ አስተያየት የሚሰጥባት፣ ኮሚቴው የሚነካካት፣ ሚዜ የሚደገፋት ይቺ ውፍረት ናት። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ፀሐይ ደግሞ አይምርም፤ ላይኛው ሽፋን ደርቆ ዱቄት ያወጣል፣ ከጣሪያና ከኮፈን ይጀምራል። ይሄ በሽታ ይድናል። የሞተው ከላይ ያለው ቀጭን ሽፋን ብቻ ስለሆነ ሲገፈፍ ከሥሩ ጤነኛው ይወጣል። ስለዚህ የፈዘዘ የፋብሪካ ቀለም ያላት ቮልስ ጋራዥ ወስዶ እንደ አዲስ ማስቀባት የዋህነት ነው። ያረጀ ደህና ቀለም ከአዲስ ጥድፊያ ይሻላል።

እጥበቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚገርም ነው። ላቫጆ ያለው ልጅ ጎማውንና ቸርኬውን ያሸበትን ስፖንጅ ጣሪያው ላይ ይደግመዋል፤ ኦሞውን አረፋ በአረፋ ያደርግና ባለቤቱ ተደስቶ ጉርሻ ይጨምርለታል። በቱሉ ዲምቱ የግንባታ አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ፣ አሸዋ ደግሞ ከቀለም ይጠነክራል። እየተሸ ሲሄድ ፀሐይ ላይ ብቻ የሚታይ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። ልጆች አቧራው ላይ በጣት «እጠቡኝ» ብለው ሲጽፉም ያው ነው፤ መኪናዋ ታጥባም ጽሑፉ ይነበባል። ከሁሉም የሚብሰው አፍቃሪው ባለቤት ነው። ሳያጥብ በሸራ ይሸፍናታል፣ ያ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሸራውን ሌሊቱን ሙሉ ያወዛውዘዋል፣ ሸራው ከነአቧራው ሲፈትጋት ያድራል። ጠዋት ገልጦ «ተጠብቃለች» ይላል።

ትክክለኛው እጥበት ብዙ ውሃ አይፈጅም፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ግቢም ይሆናል። አንዱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጀመሪያ አቧራውን ሳይነኩ ለማውረድ ነው። ሌላው ለሁለት ባልዲ ይከፈላል፤ አንደኛው የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሁለተኛው ጨርቁ ወደ ሻምፖው ከመመለሱ በፊት የሚታጠብበት። ከላይ ወደ ታች፣ ጥላ ውስጥ፣ ጎማ በመጨረሻና በሌላ ጨርቅ። በናፍጣ ወልውሎ ማንጸባረቅ የሚባለውን ልማድ ደግሞ መተው ነው። ናፍጣ ያበራል፣ እስከ ከሰዓት። ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፣ ጎሚኒዎቹንም ያበላሻል።

ከታጠበች በኋላ ማሽን ይመጣል፣ ሰውም ይመጣል። በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ቡናውን ይዞ ይደገፋል። ሥራው እንዲህ ነው፦ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ለሙከራ ይመረጣል፣ በለስላሳ ፖሊሽና በለስላሳ ስፖንጅ ይጀመራል፣ ካልበቃ ብቻ ወደ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ወደ ሻካራው ፖሊሽ፣ ይታለፋል። ከኮምፓውንድ የጀመረ ሰው የሚመለስበት መንገድ የለውም። የሚሽከረከረው ማሽን በደቂቃ ከ1,500 ዙር ባይበልጥ ደግ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሳይቆም ይሄዳል፣ ብረቱ ለእጅ መዳፍ ከሞቀ ይቆማል። የኮፈኗ መሐል ላይ የሚወርደው ጎበጥ ያለ መስመርና የፓራፋንጎዎቹ ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ ማሽን ደግሞ ጠርዝ ይወዳል። እዚያ በእጅ ነው የሚሠራው። ይህን ያላደረገ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግራጫውን ፕራይመር አውጥቶ «ድሮም ነበረ» ይላል።

ስፖንጁ የቮልሷን ሰማያዊ ይዞ ሲሽከረከር ከሁለተኛ ፎቅ «ኧረ ቀለሟን ላጣት!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ነጠላ ቀለም እንዲያ ነው፣ የሚወጣው የሞተው ነው። ይህን ለማስረዳት የሞከረ ባለሙያ ሥራው ግማሽ ቀን ይጓተትበታል። ማሽኑን አጥፍቶ ከማስረዳት ስፖንጁን በብሩሽ አጽድቶ መቀጠል ይሻላል፤ የቆሸሸ ስፖንጅ ራሱ ይቧጭራልና።

እስካሁን ያለው ብረቷ ጤነኛ ለሆነች ቮልስ ነው። ጤነኛ መሆኗን የሚያውቀው ማግኔት ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ከበር ሥር እስከ ፓራፋንጎ ማስኬድ፤ መያዝ ትቶ ከወደቀ እዚያ ያለው ብረት ሳይሆን ጉድጓድ የሚሞላበት ስቱኮ ነው። የቮልስ ዝገት የሚደበቅባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላል። ከበሮቹ ሥር ያሉት የሙቀት አየር መተላለፊያዎች ከውስጥ ይበሰብሳሉ። ከፊት ኮፈን ሥር ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል። እዚህ ላይ ሽማግሌዎች በጣት ያንኳኳሉ፣ አንገት ይነቀንቃሉ፣ «የጀርመን ላሜራ እኮ ነው» ይላሉ። የጀርመን ላሜራም ይዝጋል።

የመኪና አካል የሚጠግነው ባትላሜ ጋ የሄደ ሰው የሚሰማው ቃል «ሐሙስ ና» ነው፤ የየትኛው ሳምንት ሐሙስ እንደሆነ አይጠየቅም። ጥሩው ባለሙያ ፓራፋንጎዎቹን ይፈታል። በብሎን የታሰሩ ናቸው፣ ከአካሏ ጋር በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀጭን የጎማ ክር አለ። ጥድፊያ የያዘው ልጅ ሳይፈታ በላዩ ይቀባል፤ ክሩ ከነቀለሙ አንድ ላይ ይደርቃል፣ መኪናዋ ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን ስትንቀጠቀጥ መስመሩን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ቮልስ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያንን ክር ይይ። ቀለም የነካው ከሆነ የቀረውን ሥራም ይገምት።

ዝገት ከሥር እስኪነጣ ይፋቃል፣ የበሰበሰው ተቆርጦ ይበየዳል፣ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባል፤ ባዶ ብረት ማደር የለበትም። ስቱኮ ደግሞ ልክ አለው። ለ100 ግራም ስቱኮ ማድረቂያው 2 ግራም ያህል ነው። በልምድ ግን የሚለካው በቅዝቃዜ ነው፤ ጠዋት በረድ ካለ ልጁ ቶሎ እንዲደርቅለት አብዝቶ ይጨምራል፣ ከቁርስ በፊት ይደርቅለታል። የተረፈው ማድረቂያ ከሳምንታት በኋላ በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ጥፋቱ ወደ ቀለም ሻጩ ይዞራል። ስቱኮ ውሃም ይጠጣል። በውሃ መፈተግና ሳይሸፈን ዝናብ ላይ ማሳደር ከቀለሙ ሥር እብጠት ያስከትላል። ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር ከዘለለ ብረቱ በደንብ አልተቀጠቀጠም ማለት ነው።

ፍተጋው በደረቁ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 እና በ320 ይቀጥላል፤ ወረቀቱ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ እንጂ በባዶ ጣት አይደለም። በጣት የተፈተገ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ የሚታየው የሚያበራው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ጥቁር ቀለም ስስ አድርጎ ነፍቶ መፈተግ ጉድጓዱን ያጋልጣል፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው። ለዚህ ሥራ ማንም ቡና አያፈላም፣ ማንም ፎቶ አያነሳም። ዘመድም በዚህ መሐል ብቅ ካለ «እስካሁን አልተቀባችም እንዴ?» ብሎ ይሄዳል።

ቀለም ለማስበጥበጥ ከፊት ኮፈን ሥር ያለውን በኤል ፊደል የሚጀምር ኮድ ማየት ነው፤ ለምሳሌ የ«ፐርል ነጭ» ኮድ ኤል 87 ነው። ተለጣፊው ከሌለ የመቀመጫ ሥር ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ማሳየት ያዋጣል። እዚህ ላይ የሙሽራዋ እናት ትገባለች። ሰማያዊ ከቬሎው ጋር አይሄድም፣ በረዶ ነጭ ይሁን ትላለች። «እትዬ፣ ሊብሬው ላይ ሌላ ቀለም ነው ያለው» የሚል ሰው ይጠላል፣ እውነቱ ግን እሱ ጋ ነው። ቦሎ ለማደስ ሲኬድ ከሊብሬው ጋር የማይገናኝ ቀለም ሌላ ጣጣ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እትዬ አብረው አይሰለፉም።

ርጩቱ ላይ ነገሩ አጭር ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ መሬቱ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ አፍንጫው 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር በሆነ የቀለም መርጫ ጋን፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ። የቀረበ ይወርዳል። የራቀ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ የብርቱካን ልጣጭ የሚሉት። በንብርብር መሐል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ኮምፕሬሰሩ ውሃ የሚይዝ ማጣሪያ ከሌለው ቀለሙ ላይ ጠብታ ይተፋል። ጎረቤት በዚያው ሰዓት ጎማ ማሳመሪያ ከነፋ ሲሊኮኑ በአየር መጥቶ ቀለሙን ዓይን ዓይን ያደርገዋል። መብራት ኮፈኑ መሐል ላይ ከጠፋ ደግሞ ከቆመበት መቀጠል አይሞከርም፤ ይደርቃል፣ ይፈተጋል፣ ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ እንደገና ይቀባል። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ቀለም ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፣ ሳንባ ይጎዳል፤ አፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ አያስጥልም፣ ቢያንስ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ከልጁ ትከሻ ጀርባ ቆሞ «እዚህ ጋ ቀረህ» የሚለው ዘመድም ይራቅ።

አዲስ ቀለም ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ቢቻል ለሁለት፣ ሰም አይቀባም። ውስጡ ያለው ቲነር ገና እየወጣ ነው፣ ሰም ያፍነዋል። ሠርጉ ግን ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ያ መጀመሪያ በስልክ የተጠየቀው ሰም፣ ብቸኛው የማይደረግ ነገር እሱ ሆኖ ያርፋል፣ ዘመድም «ሰም እንኳ አልቀባትም» ብሎ ያማል።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዲኮር ሠሪዎቹ ሰፊ ፕላስተር ይዘው ይደርሳሉ። አበባውን ኮፈኑ ላይ ሊለጥፉ ነው። አዲስ ቀለም ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሲነሳ ቀለም ይዞ ይነሳል፤ ሪባኑ ከፓራውልቱና ከበሩ እጀታ ጋር ይታሰር፣ አበባው በገመድ ይወጠር። ሚዜዎች ለፎቶ ኮፈኑ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የኋላ ኪስ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት ይፈተሽ፤ ባይቀመጡ ይመረጣል፣ ግን ይቀመጣሉ። ሻምፓኝ የፈሰሰበት ቦታ ሳይደርቅ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ያም ሆኖ የፕላስተር ሙጫ ከቀረ በቤንዚን አይነካም፤ ሙቅ ውሃ የነካ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አስተኝቶ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ ማንከባለል ነው። ሥራው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ባለቤቱም ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ሚዜዎቹ መልስ ላይ ናቸው።