ሰከንድ ያልተያዘለት ፈረስ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ፈረስ እናውቃለን እያልን በፈረስ መቀባጠሩ ይብቃን። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ከእንጅባራ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ርቀቱ ሳይነገር፣ ሰዓትም ሳይያዝ አንዱ ፈረስ መብረቅ፣ ሌላው ሮኬት ይባላል። እናንተም ቪዲዮውን ቆርጣችሁ በቲክቶክ ትለቁታላችሁ፤ ወሬው ማታ ጣና ዳር ቡና ላይ ሲደርስ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ዳማ ሆኖ ያርፋል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ፣ የዓድዋን ፈረስ የሚዘክር ማኅበር ይህ ሁሉ ጭማሪ ምን ያደርግለታል?

ፉከራ ቦታ አለው። አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ ብሎ ጌታውን በፈረሱ ስም መጥራት የአባቶች ወግ ነው። ፎካሪ ግን ኪሎ ሜትር አይጠራም። ቁጥር የጠራ ሰው መለኪያውን ያሳይ።

በዓለም የድንቃድንቅ መዝገብ የሰፈረው የፈረስ ፍጥነት በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዊኒንግ ብሩ የተባለች ባዝራ ያስመዘገበችው ነው፦ 402 ሜትር በ20.57 ሰከንድ፣ ማለት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ግድም። እሷ ለሩጫ ብቻ ተመርጦ ከተራባ ዘር የመጣች ናት። የእኛ ፈረስ ቁመቱ ትከሻው ላይ 1.30 ሜትር ቢሆን ነው፤ ዳገትና ብርድ የሚችል ጎበዝ ነው፤ በ30 ኪሎ ሜትር ይበልጣታል ማለት ግን እሱንም ማዋረድ ነው።

የሚያታልላችሁ ካሜራው ነው። ከሜዳው ጫፍ ቆሞ በረጅም ሌንስ የሚመጡትን ፈረሶች ፊት ለፊት ሲያይ፣ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለው ርቀት ይጨመቃል። አምስት ሜትር ወደኋላ የቀረው ከመሪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይመስላል፤ «ተናነቁ!» የሚባለውም ያኔ ነው። ከጎን ሲቀረጽ ደግሞ ካሜራው ፈረሱን ተከትሎ ስለሚዞር ከበስተጀርባ ያለው ዛፍና ሰው ይደበዝዛል፤ ዓይን ብዥታውን ፍጥነት ብሎ ይቆጥረዋል። ካሜራው መሬት ላይ ከተቀመጠ ድንክ ፈረስ ግዙፍ ይሆናል። አሥር ሰከንድ የፈጀ ግልቢያም ከሦስት ካሜራ ተቀናብሮ ግማሽ ደቂቃ ይሞላል። ሣር ላይ የሚሮጥ ፈረስ ኮቴው እንደ ከበሮ ከተሰማችሁ፣ ወይ ማይክሮፎኑ መሬት አጠገብ ተተክሏል፣ ወይ ድምፁ በኋላ ተጨምሯል።

እውነቱን የሚሻ ይለካ። 100 ሜትር በሜትር ለኩና ሁለት እንጨት ትከሉ። ፈረሱ ከመጀመሪያው እንጨት 50 ሜትር ያህል ወደኋላ ርቆ ይነሳ፤ አለዚያ የምትለኩት ሩጫውን ሳይሆን አነሳሱን ነው። ሁለቱንም እንጨቶች ከሚያሳይ ቦታ፣ ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ፣ ስሎው ሞሽኑን ዘግታችሁ ቅረጹ። አፍንጫው ሁለቱን እንጨቶች ባለፈበት መካከል ያለውን ሰከንድ አውጡ፤ 360ን ለዚያ አካፍሉ። 8 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ፈረሱ ከእንጨቶቹ መስመር ወጥቶ ወደ ስልኩ ከተጠጋ በእውነቱ የሮጠው ከ100 ሜትር ያንሳል፤ ቁጥሩም በሐሰት ያድጋል። ከሁሉ የከፋው ግን አጭር ርቀትን በእጅ ሰዓት መያዝ ነው። ያው ፈረስ 20 ሜትሩን በ1.6 ሰከንድ ያልፋል፤ አውራ ጣታችሁ ግማሽ ሰከንድ ብትቸኩል 65 ኪሎ ሜትር ይወጣላችኋል። በ100 ሜትር ላይ ያው ስህተት ከ48 አያሳልፈውም።

በሳተላይት የምታዩት የአሜሪካ እሽቅድምድምም ከዚህ በሽታ አልዳነም። ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸንፎ «የሦስትዮሽ ዘውድ» የሚባለውን የሚደፋ ፈረስ ከ1978 በኋላ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አልተገኘም። በመካከሉ 13 ፈረሶች የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሸንፈው፣ ዘውዱ አስቀድሞ በወሬ ተደፍቶላቸው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ቢግ ብራውን ሦስተኛውንም ያለ ጥርጥር ያሸንፋል ተብሎ ገባና መጨረሻ ወጣ፤ ያሸነፈው በውርርድ 38 ለ1 የተገመተው፣ ማለት ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ጥቂት ሰው ብቻ የሆነው፣ ዳ ታራ ነው። ውርርድ ቤት የምትውሉ ልጆች፣ ሰምታችኋል?

ዕዳውን የሚከፍለው ፈረሱ ነው። ሳምንቱን ጋሪ ሲጎትት የከረመ እንስሳ፣ ለጥምቀት ግላስ ለብሶ፣ ስክሪን ላይ ያየውን ሊደግም በሚመኝ ጎረምሳ አስፋልት ላይ ሽምጥ ይጋለባል። አስፋልት ያንሸራትታል፤ የኮቴው ምት ተመልሶ ጅማቱና መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ልጓሙ በኃይል ሲሳብ አፉ ይቆስላል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ሽምጥ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል። እጃችሁን ከግራ ክርኑ በስተኋላ አሳርፋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በ4 አባዙ። በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ወሰኑ 64 ነው፤ ከዚያ ያልወረደለት ፈረስ አይቀጥልም። እናንተም ከግልቢያ በኋላ የኮርቻውን ማሰሪያ አላሉና በእግር አዙሩት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ከ64 በላይ ከቆጠራችሁ ኮርቻውን አውርዱ፣ ጥላ ሥር አቁማችሁ ውሃ ስጡት፤ በዚያ ቀን ማንም እንዳይወጣበት።