እርማት፦ ቪዛው ላይ ያለው «እስከ» የቆይታ ጊዜ አይደለም

ወንድሜ፣ ለእህታችን «የሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛሽ እስከ ጁላይ 25 ስለሚል እስከዚያ ድረስ መቆየት ትችያለሽ» ያልካት ልክ አይደለም። አልፈርድብህም፤ አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር የሚነገር ነገር ነው።

ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈውን የቪዛ ስቲከር እንደገና ይዛ ትየው። «ከ… እስከ» ከሚለው መስመር ዝቅ ብሎ የቀን ብዛት ብቻውን ተጽፏል። የእሷ 10 ነው ብላለች፤ ስለዚህ ከጁላይ 1 እስከ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ መቆየት የምትችለው 10 ቀን ብቻ ነው። ትርፉ 15 ቀን ጉዞው ቢገፋ ተብሎ የሚሰጥ የእፎይታ ጊዜ እንጂ ለዘመድ ጥየቃ የተመረቀ አይደለም።

አቆጣጠሩም ያሳስታል። የገባችበትም የምትወጣበትም ቀን ይቆጠራል፣ ጠዋት በ1 ሰዓት ብትወጣም እንኳ። ማታ ከቦሌ ተነስታ በማግስቱ ፍራንክፈርት ከደረሰች ግን ቆጠራው የሚጀምረው እዚያ ድንበር ካለፈችበት ቀን ነው።

«በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን» የሚባለው የቆይታ ጣሪያው ነው፤ ለሁሉም አይሰጥም። ፓስፖርቷም ከሼንገን ከምትወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

ጁላይ 1 ከገባች የመመለሻ ትኬቷ ከጁላይ 10 አይለፍ።