በሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ ከጎንደር ሰው እንዳይጎድል

ጎንደር ዛሬ ስንት ሰው ይኖራል? በእርግጠኝነት የሚመልስ የለም። መጨረሻ የተቆጠርነው በግንቦት 1999 ነው። ያኔ የከተማዋ ነዋሪ 207,044 ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ ደግሞ 112,249። በእነዚያ ዓመታት ብቻ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት። ከዚያ ወዲህ አዘዞ የት እንደደረሰች፣ ማራኪ እንዴት እንደሰፋ ሁላችንም እናያለን። ያየነውን ግን አልቆጠርነውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ለኅዳር 2010 ታስቦ ነበር፤ ተራዘመ። በሰኔ 2011 የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነት። እስካሁን ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ውኃውም የሚታቀደው ከ1999 ተነስቶ በተሠራ ትንበያ ነው። የውኃ ግድባችን አንገረብ በደለል እየተሞላ፣ ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ ጀሪካን የሚደረድር የጎንደር ሰው፣ የሕዝብ ቁጥር ከቧንቧው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማስረዳት አያስፈልገውም። ከፌዴራል ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ሲሰላም የሕዝብ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው። የምርጫ ክልልም የሚከለለው በዚሁ ነው።

ቆጠራው ሲመጣ ምን ልናደርግ እንደሚገባ አሁን እንነጋገር የምለው የ1999ኙን ስለማስታውስ ነው። የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ተብሎ ሲወጣ፣ አስቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘ። የአገሪቱ ዓመታዊ የሕዝብ እድገት 2.6 በመቶ ሲሆን የክልሉ 1.7 ሆነ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ወሊድ ቀንሶ ነው፣ በሽታ ነው፣ ፍልሰት ነው፣ አይ ሳይቆጠር የቀረ ሰው ነው፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ቀበሌ ወይም አንድ እድር ተነስቶ «በእኛ ሰፈር ይህን ያህል ቤት አለ፣ ቆጣሪው የገባው ይህን ያህል ነው» የሚልበት ነገር በእጁ አልነበረም። ቅሬታ እንጂ ማስረጃ አልነበረንም።

ደግሞም ሰው የሚጎድለው ሁልጊዜ በቢሮ አይደለም። ከቤታችንም ይጎድላል።

ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ሲል እናት «አራት ነን» ትላለች። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የምትልጠው ሠራተኛ አልተቆጠረችም፤ «እሷማ የሰው ልጅ ናት» ይባላል። ሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደው ልጅም አልተቆጠረም፣ እዚህ የለማ! ግን ለሁለት ሦስት ወር ሥራ የሄደ ልጅ ቤቱ እዚሁ ነው፤ መቆጠር ያለበትም እዚሁ ነው። ክርስትና ያልተነሳው ጨቅላም ይረሳል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ልጅ መቁጠር ዓይን ያስገባል ተብሎ ሆን ተብሎ ይዘለላል።

ግቢ ውስጥ ያሉት ሰርቪስ ቤቶችስ? አከራዩ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ሦስቱን ተከራይ «ዘመዶቼ ናቸው፣ ሰሞኑን ነው የመጡት» ይላል። ሦስት አባወራ በአንድ ቃል ጠፋ። ከነዚህ ውስጥ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ ከማንም በላይ መታወቅ ያለበት እሱ ነበር።

ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። አቋቋም፣ ማለትም የማሕሌቱን ዜማና ሥርዓት፣ ሊማሩ ከጎጃምም ከወሎም የመጡ ተማሪዎች በየጎጆው አሉ። ዓመታት ይቆያሉ። ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ እነሱ ወይ ቅኔ ማሕሌት ናቸው፣ ወይ ቁራሽ ፍለጋ ወጥተዋል። አገር ቤት ያለችው እናት «ልጄ ጎንደር ነው» ብላ ትተወዋለች፣ ጎንደር ደግሞ አታውቀውም። አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ የሚያድሩት ልጆችም እንዲሁ ናቸው።

ሰው ፊት የማይወጣው አካል ጉዳተኛ ልጅም አለ። በ1999 በመላ አገሪቱ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን ማን ያምናል? እነዚያ ልጆች ያኔም ነበሩ። ከጓሮ ክፍል ነበሩ።

የማንነት ጥያቄንም ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። በ1987 ቅማንት ተብለው የተቆጠሩ 172 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በ1999 ግን መለያው ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያ ቅሬታ ምን ያህል እንደመረረ በዚህ አካባቢ የኖረ ያውቃል። ማንም ሰው እኔ ነኝ ያለው ይጻፍለት። ቆጣሪ ለሰው ማንነት አይመርጥለትም፣ ጎረቤትም እንዲሁ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሰው ለማያውቀው በሩን መክፈት በሚሰጋበት ጊዜ ላይ ነን። «ለግብር ነው»፣ «ለግዳጅ ልጅ ሊመለምሉ ነው» የሚል ወሬ ከቆጣሪው ቀድሞ ይደርሳል። የአንድ ሰው መረጃ ሚስጥር እንደሆነ፣ ለግብርም ለክስም እንደማይውል ሕጉ ይደነግጋል። ሕጉን ግን እማማ በሬዲዮ ከሚሰሙት ይልቅ ከሚያምኑት ሰው አፍ ቢሰሙት ይሻላል። «ፋይዳ መታወቂያ አውጥቻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ቁጠሩኝ?» የሚልም አለ። ፋይዳ ለሄደና ለተመዘገበ ሰው መለያ ይሰጣል። ቆጠራ ግን ያልሄደውን ፍለጋ እስከ ቤቱ ይመጣል። ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት እንዳለው ይጠይቃል።

ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት መጣ የሚሉ አባቶችም አሉ። በአክብሮት ልመልስ፦ ሙሴን እስራኤልን በየቤተሰባቸው ቁጠር ያለው ራሱ እግዚአብሔር ነው፤ በኦሪት ዘኁልቁ ተጽፏል። ይህን ከዐውደ ምሕረት የሚያስረዳ መምህር ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። መስጊዶቻችንም በጁምዓ ቀን ተመሳሳይ ጉልበት አላቸው።

መንግሥትም የራሱን ድርሻ ይወጣ። ጥይት በሚጮህበት ወረዳ ቆጠራ አይካሄድ፤ የሚወጣው ቁጥር ለሌላ 10 ዓመት የምንጨቃጨቅበት ነው የሚሆነው። ቆጣሪው የሰፈሩ ሰው ይሁን። እስካሁን ብዙውን ጊዜ መምህራን ነበሩ፤ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ልጆቻችን ያውቋቸዋል። ከጎናቸው የእድር ዳኛ ወይም አንዲት የታወቀች የሰፈር እናት ብትቆም በር ይከፈታል። መጠይቁ ሲጀመር ግን አጃቢዋ ፈቀቅ ትበል፤ የቤቱ ጉዳይ የቤቱ ነው።

እድሮቻችን ከማንም የተሻለ መዝገብ አላቸው። ማን ሞተ፣ ማን ከሰፈር ለቀቀ፣ ማን አዲስ ገባ ያውቃሉ። የሰው ስም ለማንም መስጠት አይጠበቅባቸውም። የቤቱን ብዛት፣ የጓሮ ክፍሎቹን፣ እድር የማይከፍሉትን ተከራዮች ጨምረው ይያዙ። ቆጣሪው ካርታውን ይዞ ሲመጣ «ከዚህ አጥር ጀርባ ሁለት ቤት አለ፣ አልገባህበትም» የሚል ሰው በየሰፈሩ ይኑር። ቆጠራው ሲያልቅ መዝገቡና ካርታው ይመሳከሩ። የጎደለ ካለ ቆጣሪው ከሰፈር ሳይወጣ ይነገር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የቀኑን መቆረጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ መዋጮ ተሰብስቦ ሲያበቃ፣ ጸሐፊው አንድ ባዶ ገጽ ይግለጥና የሰፈሩን ተከራዮች ቤት ለቤት መመዝገብ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ይመረጡ።