ማስተካከያ፦ ስኳር ያለበት ሰውም ጤና መድህን መግባት ይችላል

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ መልእክት ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ውስጥ መግባት አይችልም ይላል። ስህተት ነው። ምዝገባው በቤተሰብ ነው። መዋጮውም በሕመም አይለይም፤ የታመመ ሰው ስለታመመ ተጨማሪ አይጠየቅም። መድህኑ መጀመሪያውኑ የመጣው እኮ ለዚህ ነው፤ ልክ እንደ እድር፣ ጤነኛው ለታመመው እንዲደርስ። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል።

መልእክቱ የጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 690/2002 የሌላ መድህን ነው፤ የደመወዝተኞችና የጡረተኞች።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ነው። እባካችሁ፣ መልእክቱን አይተው ምዝገባ የተዉ እናቶችና አባቶች ካሉ ዛሬውኑ ንገሯቸው።