ስታብላይዘር ማጣሪያ አይደለም!

ኮምቦልቻ ላይ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ባጉረመረመ ቁጥር «ስታብላይዘር ግዛ» የሚለው ምክር አሰልችቶናል። ስታብላይዘር 180 ቮልቱን ወደ 220 ያነሳል እንጂ የሞገዱን ቅርጽ አያቃናም። የብየዳ ቤቱ፣ የቻርጀሩ፣ የርካሹ አምፖል 150 እና 250 ኸርዝ ሃርሞኒክ፣ ማለትም በዋናው 50 ኸርዝ ላይ የሚደረብ ትርፍ ሞገድ፣ እንዳለ ያልፋል።

«ፊልተር ያለው» ተብሎ በውድ የሚሸጠው የሶኬት ማከፋፈያስ? ውስጡ ያለችው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የሬዲዮ ሞገድን ትቀንስ ይሆናል፤ ለ150 ኸርዝ ግን በሯ ክፍት ነው። ያንን ለማገድ እንደ ጡብ የሚከብድ ኮይል ያስፈልጋል።

ደግሞ ማንም መጀመሪያ አይመረምርም! የኢንፑቱን ገመድ ንቀሉት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የኧርዝ ሉፕ (መሣሪያዎቹ በመሬት ሽቦና በሲግናል ገመድ ተያይዘው የሚፈጥሩት ቀለበት)፣ ወይም ገመዱና ከኋላው ያለው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ካልጠፋ የፓወር ሰፕላይው ካፓሲተሮች አርጅተው ይሆናል። ስፒከሩ ዝም ብሎ ትራንስፎርመሩ ራሱ ከጮኸ ደግሞ መስመሩ ላይ ዲሲ (እንደ ኤሲ አቅጣጫ የማይቀያይር ኤሌክትሪክ) ሊኖር ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ሁለት 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር ማይነስ ለማይነስ አገናኝቶ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የተሸከመው ሽቦ) ላይ በተከታታይ ማስገባት፣ ከጎናቸውም ፕላስና ማይነሱ የተያያዘ 35 አምፔር ብሪጅ (የአራት ዳዮድ ጥምር)። ብሪጁ ከተረሳ ካፓሲተሩ ሊፈነዳ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በተዘጋ ሳጥን ይሥራው።

ሃርሞኒኩን በእርግጥ የሚያጸዳው ኤሲውን ወደ ዲሲ ለውጦ ንጹሕ ሳይን ሞገድ እንደ አዲስ የሚሠራ ኦንላይን ዩፒኤስ ነው። ርካሹ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ኢንቨርተር ግን ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ብቻውን የዋናውን ሲሶ ያህላል።

የመሰኪያውን የኧርዝ እግር በፒንሳ የምትቆርጡ ባለሙያ ተብዬዎች ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉ! ጉርምርምታው ይጠፋ ይሆናል፤ የአምፑ ብረት ግን ውስጡ ፌዝ ከነካው ሰው ይጨርሳል።