ያለ ዋስ የሸኘነው ሰውዬ

የደብረ ማርቆስ ሰዎች፣ የጎጃም ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። የተቆጣሁት በአንድ ሰውዬ ብቻ አይደለም፤ በእኛም ነው።

ጎረቤቴ የሆነ ወጣት ባጃጅ ይሠራል። ባጃጇ በብድር የተገዛች ናት፤ ዕዳው ገና አላለቀም። ወደ ደምበጫ በሚያስወጣው መንገድ፣ ጤፍ በማዳበሪያ ይዘው ወፍጮ ቤት የሚሄዱ አንዲት እናት አሳፍሮ ነበር። አንድ ነጭ ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ ገጨው። ባጃጇ ተገለበጠች። እናቲቱ በእጃቸው ላይ ወደቁ።

ሰውየው ቆመ፣ ወረደ። ደህና የለበሰ፣ አፉ የጣፈጠ ሰው ነው። ልጁን አቅፎ «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሠራልሃለሁ» አለው። እናቲቱንም «እማማ አይዞዎት፣ ማሳከሚያውን እኔ እችላለሁ» አላቸው። ልጁ ትራፊክ ይጠራ ሲል ግን መልኩ ተለወጠ። «ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ሁለታችንም ሥራ እንፈታለን። መንጃ ፈቃዳችን ይያዛል። ምን አጉላላን? በሰላም እንጨርስ።»

የተሰበሰበው ሰው ደገፈው። «ልጄ፣ አምኖልህ የለም እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ያሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ታላቅ አክባሪ ነው፤ ዝም አለ። ሰውየው ስሙንና ስልኩን በብጫቂ ወረቀት ጻፈለት። «በጊዮርጊስ! ማታ ደውልልኝ» ብሎ ምሎ ሄደ።

ማታ ተደወለ። ያነሱት ቢቸና የሚኖሩ አንዲት ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ተሳስተሃል» አሉት። ቁጥር ተሳስቼ ይሆናል ብሎ መልሶ መላልሶ ደወለ። በመጨረሻ ተቆጡት፤ እውነታቸውን ነው።

ገጭቶ የሚያመልጥ አለ፤ ፈርቶ ነው እንበል። ይሄ ግን አልፈራም። የተጎዳች እናት ፊት ቆሞ፣ ታቦት ጠርቶ፣ ተረጋግቶ የሰው ስልክ ቁጥር ጻፈ። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ታርጋውን የያዘ ሰው ጠፋ። አንዱ ኮድ 3 አማ ነው ይላል፣ ሌላው ኮድ 2 አአ። በቦታው የተቀረጸውን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። አስፋልቱ ላይ የተበተነው ጤፍ ይታያል። ሴቶች ጤፉን በእጃቸው እያፈሱ ነጠላ ላይ ሲያደርጉ ይታያል። የፒክአፑ ጎን ይታያል። ታርጋው የለም። ያ ሁሉ ስልክ ተደግኖ አንድ ታርጋ አላነሳም! ፖሊስ ምስክር ሲፈልግ ደግሞ «በሰላም ጨርስ» ያለው አፍ ሁሉ «እኔ በኋላ ነው የደረስኩት» አለ።

የእናቲቱ አንጓ ተሰብሯል። ገንዘብ ስላልነበራቸው ወጌሻ ዘንድ ሄዱ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ መብት ነበራቸው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል። ለአስቸኳይ ሕክምናም ገንዘብ ፈቅዷል። ገጪው ካልታወቀም ለተጎዳ ሰው የሚክስ ፈንድ አለ። ግን ይህ ሁሉ የፖሊስ መረጃ ይፈልጋል። ፖሊሱን በሰዓቱ እንዳይጠራ ያደረግነው እኛው ነን። ባጃጇንማ ማን ይሠራታል? ዕዳው ግን አልቆመም።

ሽምግልናን አልጠላም፤ አገራችንን ያቆመ ነገር ነው። ግን በእኛ አገር ያለ ዋስ ዕርቅ መቼ ነበር? አባቶቻችን አስታርቀው ሲለቁ ዋስ ይጠሩ ነበር። እኛ ያን ቀን ዋስ ሳንጠራ ሸኘነው። ለደህና ለባሹ አዘንን፣ ለባጃጁ ልጅ አላዘንንም። አንቺ እህቴ፣ አንተ ወንድሜ፣ ያኔ ጤፉን ስታፍሱ ከመሃላችሁ አንዱ ቀና ቢል ምን ነበረበት?

እባካችሁ፣ ሰው ከቆሰለ ትራፊክ ይጠራ፤ «በሰላም» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ታርጋውን ከፊትም ከኋላም አንሱት። መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ሦስተኛ ወገን ፎቶ አንሱ። ስልክ ሲሰጣችሁ እዚያው ደውሉና በኪሱ ሲጠራ ስሙ። የራሳችሁንም ሳይጠየቅ ስጡ። «አላመንከኝም ወይ?» ካለ ይበል። ሽማግሌዎቻችንም ከ«ታረቁ» በፊት «ታርጋው ተጽፏል?» በሉልን።

አንተም ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። የጻፍከው ቁጥር የማን እንደሆነ አሁን አውቀሃል። ባጃጅ ተራ መጥተህ «ደምበጫ መውጫ የተገጨው ልጅ» ብለህ ጠይቅ፤ ያሳዩሃል። እናቲቱ ቤት እሱ ያደርስሃል። ደክሞኛል፤ ግን አትመጣም ብዬ ለመጨረስ አንደበቴ እንቢ አለኝ።