በየቀኑ የሚደገም ማንትራ፦ በየኔታ አፍ ወይስ በእናት አፍ?

ህንድ ውስጥ ብዙ የሂንዱ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚደግመው ቅዱስ ቃል አለው፤ በተለምዶ ማንትራ ይባላል። አንዱ ጋያትሪ ይላል። አንዱ ሀኑማን ለሚባለው አምላክ የተገጠመውን ሀኑማን ቻሊሳን ይዘምራል። ሌላው የአምላኩን የቪሽኑን ሺህ ስሞች ይጠራል። ህንድ ተምረው ለዓመታት የኖሩ ሁለት ጸሐፊዎችን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፦ ዛሬ የሚጀምር አንድ ሂንዱ በየቀኑ የሚደግመውን በምን ይምረጥ? አንደኛው በደቡብ ህንድ ኬረላ የኖሩ ናቸው፤ ሁለተኛዋ በምዕራብ ህንድ፣ ማራቲኛ በሚነገርባት ፑኔ። የተጻጻፉትን እንዳለ አቅርበነዋል።

የኬረላው

ማንትራ አይመረጥም። ይሰጣል። መልሴ ይኸው ነው።

ዛሬ ሰው ስልኩን ይከፍትና «ለገንዘብ የሚሆን ማንትራ»፣ «ለፈተና የሚሆን ማንትራ» እያለ ይፈልጋል። ገበያ ወጥቶ ልብስ እንደሚያማርጥ። ይሄ ያመኛል። የሚያመኝም ነገሩ እንዴት ተጠብቆ እዚህ እንደደረሰ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ኬረላ ውስጥ አንድ የኔታ ፊት ሦስት ልጆች ተቀምጠው አየሁ። መጽሐፍ የለም። የኔታ የአንዱን ልጅ ራስ በመዳፋቸው ይዘዋል። ድምፁ ዝቅ በሚልበት ቦታ ራሱን ወደ ታች ይጫኑታል። ከፍ በሚልበት ቀና ያደርጉታል። ልጁ ቃሉን በአንገቱ ነው የሚማረው። አንዲት መስመር ረፋዱን ሙሉ ፈጀች። ቃሉን ከያዙ በኋላ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሱ ይሉታል፦ አንድ ሁለት፣ ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሦስት ሁለት አንድ፣ አንድ ሁለት ሦስት። ጋና ይባላል። አንዲት ቃል ብትወድቅ ወዲያው ትታወቃለች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የቬዳን፣ የሂንዱን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ አነባበብ የሰው ልጅ የቃል ቅርስ ብሎ አውጇል። ዜማ ቤት ያደረ የእኛ ሰው ድካሙ ይገባዋል።

ጋያትሪን እንውሰድ። ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ 62ኛ መዝሙር፣ 10ኛ ስንኝ ነው። ሳቪትር ለሚባለው የፀሐይ አምላክ የቀረበ ልመና ነው፤ ብርሃንህን እናስብ፣ አንተም አእምሯችንን አንቃ ይላል። ሦስት ሐረግ አለው። እያንዳንዱ ስምንት ቀለም፣ ድምሩ 24። ሲቆጠር ግን የመጀመሪያው ሐረግ 7 ይመጣል። «ቫሬንያም» በሚለው ቃል ውስጥ አንድ ቀለም ተውጣለች፤ ሲፈታ «ቫሬኒያም» ነው። ይህን የሚያሳየው መምህር ከሌለ ሰው የሚደግመውን አያውቅም።

የድሮ ሊቃውንት የሚናገሩት አንድ ታሪክ አለ። ትቫሽታር የሚባል አምላክ የአማልክቱን ንጉሥ ኢንድራን የሚገድልለት ልጅ ፈልጎ መሥዋዕት አቀረበ። «ኢንድራሻትሩ» ብሎ ጠራ። ቃሉ ልክ ነበር። ድምፁን ያነሳው ግን ባልሆነ ቦታ ነው። «የኢንድራ ገዳይ» ሊል ፈልጎ «ገዳዩ ኢንድራ የሆነ» አለ። ልጁ ቭሪትራ ተወለደ። ኢንድራም ገደለው።

ስለዚህ ጀማሪው መምህር ይፈልግ። ከመምህሩ አምስት ቀለም ብቻ ይቀበል፦ ና፣ ማ፣ ሺ፣ ቫ፣ ያ፤ ለአምላኩ ለሺቫ ስግደት ማለት ነው። 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ጠዋት አንድ ዙር ይድገም። ይበቃዋል። ሴቶች ምግብ እየሠሩ የሚያንጎራጉሩትን እኔም ወድጄ ሰምቻለሁ። ግን የወጥ ቤት ዜማ ማንትራ አይደለም።

የፑኔዋ

ጋሼ፣ ሌላውን በትዕግሥት አነበብኩ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። «የወጥ ቤት ዜማ» ያሉት የማን ዜማ እንደሆነ ልንገርዎት።

ፑኔ ውስጥ አራት ዓመት የኖርኩት አንዲት ባልቴት ቤት ተከራይቼ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ይነሳሉ። ደጃፉ ላይ ላለችው ቱልሲ ውሃ ያጠጣሉ፤ የበሶብላ ዘመድ ናት። ምስሩን ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ይጥዳሉ። የቻፓቲውን ሊጥ ማሸት ሲጀምሩ ሀሪፓትን ይጀምራሉ። ባለቅኔው ድኛኔሽዋር በ13ኛው መቶ ዘመን በማራቲኛ የደረሰው መዝሙር ነው። ኩከሩ ያፏጫል። ሦስተኛው ፉጨት ላይ በክርናቸው እሳቱን ያጠፋሉ። ዜማው አይቋረጥም። እጃቸው ሊጥ ስለሆነ መቁጠሪያ አይዙም። የሀሪፓት መጀመሪያ ምን እንደሚል ያውቃሉ? በአምላክ ደጅ ለአፍታ የቆመ ሰው አራቱንም ዓይነት መዳን አገኘ ይላል። እኚህ ሴት በየቀኑ ቆመው ነው የሚሉት። የአምላክ ደጅ ለእሳቸው ያ ምድጃ ነው።

ድኛኔሽዋር እኮ ሳንስክሪት ጠፍቶት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1290 ባጋቫድ ጊታ የሚባለውን ቅዱስ መጽሐፍ በማራቲኛ የተረጎመውና ያብራራው፣ ሳንስክሪት የማይሰማው ሰው እንዲሰማው ብሎ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣውን ባለቅኔ ቱካራምን «አንተ ማነህና በማራቲኛ የአምላክን ነገር ትገጥማለህ» ብለው ግጥሞቹን ኢንድራያኒ ወንዝ ውስጥ አስጣሉት። ሕዝቡ እንደሚተርከው ከ13 ቀን በኋላ ወረቀቶቹ ሳይበሰብሱ ተንሳፈፉ። ዛሬ በየዓመቱ የሁለቱም የጫማ ምስል በሠረገላ ሆኖ በፑኔ በኩል ወደ ፓንዳርፑር ይሄዳል። ሕዝቡ ሦስት ሳምንት ያህል በእግሩ ይከተላል። እየዘመረ ነው የሚሄደው። በማራቲኛ።

አሁን ወደ ቀለም ቆጠራዎ። ጋያትሪ 24 ነው አሉ፤ ሲቆጠር ግን 23 ነው አሉ። ታዲያ ያቺ አንድ ቀለም የተዋጠችው በማን አፍ ነው? በአከራዬ አፍ አይደለም። በየኔታዎቹ አፍ ነው። ያንን ያህል ጭንቅላት ተይዞ፣ ያንን ያህል ጋና ተደግሞ «ቫሬንያም» ነው የሚሉት። ጋያትሪም ጋያትሪነቷ አልቀረም።

ኢንድራሻትሩን አመጡ። እኔ የአምላኩን የራማን ታሪክ የገጠመውን ቫልሚኪን አመጣለሁ። ዘራፊ ነበር ይባላል። «ራማ» ማለት አቃተው። «ማራ» በል ተባለ። ማራ፣ ማራ፣ ማራ እያለ ሲደጋግመው ራማ ሆነ። ተገልብጦ የተጠራ ስም ቅዱስ አደረገው። በፍቅር ለሚጠራ ሰው ስህተት የሚባል ነገር የለም።

ለጀማሪው የምመክረው፣ እናቱ የምትለውን ይያዝ። እናቱ ካልነበረችው ሀኑማን ቻሊሳን ይውሰድ። የባለቅኔው የቱልሲዳስ ነው የሚባለው፣ በአዋዲ፣ በሕዝብ ቋንቋ፣ አርባ ስንኝ። ከስልክ ቢማረውም አላፍርለትም፤ አንዱ ቅጂ ብቻ ዩቲዩብ ላይ ከ3 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። የቪሽኑ ሊቅ ራማኑጃ ስምንት ቀለም ያለውን የቪሽኑን ሚስጥራዊ ማንትራ ለመቀበል፣ መምህሩ ወዳለበት ቲሩኮሽቲዩር ድረስ 18 ጊዜ ተመላለሰ ይባላል። ለማንም እንዳትናገር ተባለ። እሱ ግን ቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጣና ለሁሉም ጮሆ ነገረ። እኔ ሲኦል ብገባም እነዚህ ሁሉ ይድኑ አለ። ጋሼ፣ ራማኑጃ ተሳስቷል?

የኬረላው

እህቴ፣ ስለ አንዲት ባልቴት ክፉ አልተናገርኩም። እኔም እናት ወልዳኛለች። አከራይሽን የሰደብኩ አስመስለሽ መጻፍሽ ቅር ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሴት የሚንቅ ሰው ተብዬ አላውቅም።

አሁን «በፍቅር ለሚጠራ ሰው ስህተት የሚባል ነገር የለም» ወዳልሽው ልሂድ። ይሄን በእውነት ታምኚበታለሽ? ስምሽን አጣምሞ የሚጠራሽን ሰው፣ ወዳጅሽ ቢሆን እንኳ፣ አታርሚውም? ስህተት ከሌለ ለምን አከራይሽ ሀሪፓትን ሀሪፓት አድርገው ያዙት? ለምን ግማሹን ትተው ግማሹን በፈለጉት ቃል አልሞሉትም? ማንም አልነገረሽም እንጂ እሳቸውም ሲማሩ ታርመዋል።

ደግሞስ «ማራ»ን ለቫልሚኪ ማን ሰጠው? ሕዝቡ ሲተርከው ናራዳ ነው። ጠቢቡ ናራዳ! ከመንገድ ያነሳው ቃል አይደለም። መምህር ሰውየውን አይቶ፣ አፉን መዝኖ፣ ለእሱ የሚሆነውን ቆርሶ ሰጠው። ያመጣሽው ታሪክ የእኔ ምስክር ነው። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፤ ማንትራ ይሰጣል።

ሦስት ቢሊዮን ያልሽውንም አይቻለሁ። የታየ ነገር የተደገመ ነገር አይደለም። ድምፅ ማጉያው ይዘምራል፤ ሰውየው ጥርሱን ይፋቃል።

ስህተት የለም ማለት ጥበቃ የለም ማለት ነው። ስህተት የለም ብሎ የተነሳ ትውልድ ቢኖር ሪግ ቬዳ ዛሬ አይኖርም ነበር። ድኛኔሽዋር የሚያብራራው ጊታም አይኖርም ነበር። እስቲ እዚህ ላይ መልሺልኝ።

የፑኔዋ

አከራዬን ማን እንዳስተማራቸው ጠይቄያቸው ነበር። አማታቸው ናቸው። በዚያው ወጥ ቤት። ታርመውም ይሆናል፤ አልክድም።

ግን ጋሼ፣ የት እንደደረሱ ይመልከቱ። ሲጀምሩ ማንትራ ማለት ሳንስክሪት ነበር፣ የኔታ ነበር፣ የተያዘ ጭንቅላት ነበር። አሁን «መምህር ሰጠው» ብቻ ሆነ። እንግዲያው አማትም መምህር ናት። ሊጥ እያሸች የምታርም አማት። ታዲያ «የወጥ ቤት ዜማ ማንትራ አይደለም» የሚለው ቃል ምን ላይ ቆሞ ነው ያለው?

«ይሰጣል» ይላሉ። ለማን ነበር የሚሰጠው? ጋያትሪ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚሰጠው ቅዱስ ክር ለሚታሰርለት፣ ከላይኞቹ ሦስት መደቦች ለተወለደ ወንድ ልጅ ነበር። ለሴት የለም። ለአራተኛው መደብ፣ ለሹድራ የለም። የተሐድሶ መሪው ዳያናንዳ ሳራስዋቲ እ.ኤ.አ. በ1875 አርያ ሳማጅ የሚባለውን ማኅበር መሥርቶ ቬዳ ለሁሉም ነው እስኪል ድረስ፣ እንደ አከራዬ ያለችን ሴት የሚቀበላት የኔታ ማን ነበር? በር ተዘግቶባቸው ወጥ ቤት የዘመሩትን ሴቶች መልሶ «የወጥ ቤት ዜማ» ማለት ከባድ ነገር ነው። እኔን ያስከፋኝ ይሄ ነው።

ሳንስክሪቱም ቢሆን ከእኔ ጋር ነው። የቪሽኑ ሺህ ስሞች ከታላቁ የጦርነት ግጥም ከማሃባራታ ናቸው፤ ሽማግሌው ቢሽማ ለንጉሡ ለዩዲሽቲራ የነገረው። መጨረሻው ላይ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ትጠይቃለች፦ ሊቃውንት በየቀኑ የሚደግሙትን ይህን ሁሉ ስም በምን ቀላል መንገድ ልበለው? ሺቫ ይመልስላታል፦ ራማ የሚለው ስም ከሺው ጋር እኩል ነው። ጠያቂዋ ሴት ናት። የጠየቀችውም ቀላሉን ነው። የተሰጣት መልስም ሁለት ቀለም ነው። ማንም ጭንቅላቷን አልያዘም።

ራማኑጃንም አልመለሱልኝም።

የኬረላው

ያ ጥያቄ የሚገኘው ሺውም ስም ተጠርቶ ካበቃ በኋላ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ሺውን ብሎ ነው የደረሰው። ቀላሉን መንገድ የሚያገኘው ከባዱን የሄደ ነው። ሺህ ስም አንድም ሳይዘልሉ የሚሉ ሽማግሌዎች ኬረላ ውስጥ ሰምቻለሁ። «ራማ» ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። ያንን ድምፅ ከስልክ አታገኚውም።

«ወጥ ቤት» ያልኩትን ቃል መልሼ ወስጃለሁ። የቦታ ስም ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ የሰው ስም ሆኖ ተነበበ። አከራይሽ በሕይወት ካሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማረም ግን ግድ ነው። ከዚህ አልወጣም።

የፑኔዋ

ሰላምታዎን አደርሳለሁ፤ በሕይወት አሉ። አሁንም በ11 ሰዓት ይነሳሉ።

እኔ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም ጋሼ። የጠየቅሁት ስለ አንድ ሰው ነው። ሚስጥሩን ተቀበለ፣ ግንብ ላይ ወጣ፣ ከታች ለቆመው ሁሉ ጮሆ ነገረ። ከታች ማን እንደቆመ አልመረጠም። ማንንም አላረመም። እስካሁን ሁለት ጊዜ አልፈውታል። ራማኑጃ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም?